ኮምፕሌክስ አናሊሲስ በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት፦ ምንነቱ፣ ጥቅሙና የአጠናን ዘዴው

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአምቦ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ቡራዩን ሲያልፍ የገፈርሳን ግድብ ያገኛል። ከመዲናዋ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ይህ ግድብ በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን፣ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ ከሚያቀርቡት የገጸ ምድር ውሃ ግድቦች መካከል አንጋፋው ነው። በአካባቢው የተገነባው የማጣሪያ ጣቢያም በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲያጣራ ታቅዶ የተሠራ ነው። ከከተማዋ ቧንቧዎች በከፊሉ የሚወርደው ውሃ ለብዙ ዓመታት ከዚህ ሲነሣ ኖሯል።

ግድብ ውሃን ያቆማል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ከግድቡ ጀርባ የተጠራቀመው ውሃ በመሠረቱ ሥር ባለው አፈር ውስጥ ቀስ እያለ መውጫ ይፈልጋል። ይህ ከዓይን የተሰወረ ጉዞ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ምን ያህል ውሃ ይዞ እንደሚሄድና በየትኛው ቦታ አፈሩን ሊሸረሽር እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ የሕይወትና የንብረት ጉዳይ ነው። መሐንዲሶች ለዚህ ጥያቄ መልስ ካገኙባቸው መንገዶች አንዱ በዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት ክፍሎች «ኮምፕሌክስ አናሊሲስ» ወይም «የኮምፕሌክስ ተለዋዋጮች ፈንክሽኖች» በሚል ስያሜ የሚሰጠው ትምህርት ነው።

ይህ ትምህርት በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ከሚፈሩት ኮርሶች አንዱ ነው። የሒሳብ ትምህርት ክፍል የደረሳቸው ተማሪዎች «ምን ሊረባን ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ፤ ወላጆችም ልጆቻቸው የሚማሩትን ለመረዳት ይቸገራሉ። ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ትምህርቱ ከምን ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ በሀገራችን ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ምን ቦታ እንዳለው፣ እንዴት ቢጠና እንደሚሻልና ተማሪው ከትምህርቱ ጋር በተያያዘ የሚያስፈልጉትን አገልግሎቶች ከየት እንደሚያገኝ ለማስረዳት ነው። የላቲን ፊደላት በሚገቡባቸው ቦታዎች የፊደሉ ስም በአማርኛ ተጽፏል።

1. ኮምፕሌክስ ቁጥር ምንድን ነው?

ማንኛውም የምናውቀው ቁጥር በራሱ ሲባዛ ውጤቱ አሉታዊ አይሆንም። 3 በ3 ሲባዛ 9 ነው፤ −3 በ−3 ሲባዛም 9 ነው። በመሆኑም «በራሱ ሲባዛ −1 የሚሰጥ ቁጥር የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ በተለመደው የቁጥር መስመር ላይ መልስ የለም።

ጣሊያናዊው ጄሮላሞ ካርዳኖ እ.ኤ.አ. በ1545 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ጥያቄ አንሥቶ ነበር፤ 10ን ለሁለት እንክፈል፣ የሁለቱ ክፍሎች ብዜት ግን 40 ይሁን የሚል ነው። 5 እና 5 ሲባዙ 25 ብቻ ስለሚሆኑና ከዚያ የሚበልጥ ብዜት ስለማይገኝ ጥያቄው መልስ የሌለው ይመስላል። ካርዳኖ ግን አንደኛው ክፍል «5 ሲደመር የ−15 ዳግም ዘር»፣ ሁለተኛው ደግሞ «5 ሲቀነስ የ−15 ዳግም ዘር» ቢሆኑ ድምራቸው 10፣ ብዜታቸውም 25 ሲደመር 15፣ ማለትም 40 እንደሚሆን አሳየ። እሱ ራሱ ነገሩን ረቂቅና ጥቅም የሌለው አድርጎ ነበር የተመለከተው።

ጥቅሙን ቀድሞ ያየው ራፋኤል ቦምቤሊ ነው። ቦምቤሊ እ.ኤ.አ. በ1572 «የአንድ ቁጥር ሦስተኛ ርቢ የዚያው ቁጥር 15 እጥፍና 4 ድምር ነው» የሚለውን እኩልታ መረመረ። መልሱ 4 መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ ይችላል፤ የ4 ሦስተኛ ርቢ 64 ነው፤ 15 በ4 ተባዝቶ 4 ሲጨመርበትም 64 ይሆናል። ይሁን እንጂ ለእንዲህ ዓይነት እኩልታዎች የተዘጋጀው ቀመር ወደዚህ ተራ መልስ የሚያደርሰው በአሉታዊ ቁጥር ዳግም ዘር በኩል ነው። መነሻውም መድረሻውም የታወቀ ቁጥር ሆኖ፣ መካከለኛው መንገድ ግን አዲስ ቁጥር ጠየቀ። የኮምፕሌክስ አናሊሲስ አስፈላጊነት በአጭሩ ሲገለጽ ይኸው ነው።

ዛሬ በራሱ ሲባዛ −1 የሚሰጠው ቁጥር «አይ» በሚባለው ፊደል ይወከላል። እንደ «3 + 2አይ» ያለ ቁጥር ኮምፕሌክስ ቁጥር ይባላል። 3 ሪል ክፍሉ ሲሆን 2 ደግሞ ኢማጅነሪ ክፍሉ ነው። «ኢማጅነሪ» የሚለው ስያሜ ምናባዊ የሚል ትርጉም ስላለው ተማሪዎችን ያሳስታል፤ ቁጥሩ ግን በወረቀት ላይ ሊሣል የሚችል ነው። 3 ርምጃ ወደ ቀኝ፣ 2 ርምጃ ወደ ላይ የሚገኘው ነጥብ 3 + 2አይ ነው። ይህን ቁጥር በ«አይ» ብናባዛው −2 + 3አይ እናገኛለን፤ ነጥቡ ከመነሻው ያለው ርቀት ሳይለወጥ በ90 ዲግሪ ዞረ ማለት ነው። በመሆኑም ኮምፕሌክስ ቁጥር መጠንንና አቅጣጫን በአንድነት የሚይዝ ቁጥር ሲሆን፣ ማባዛት ደግሞ ማሳደግና ማዞር ይሆናል።

2. በሀገራችን ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ያለው ቦታ

በ2012 ዓ.ም. በከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ኮርሶች መሰጠት ሲጀምሩ፣ ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች በተዘጋጀው የሒሳብ ሞጁል ውስጥ «የሪልና የኮምፕሌክስ ቁጥር ሥርዓቶች» ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሆኖ ተካቷል። ስለዚህ የምሕንድስና፣ የፊዚክስ፣ የኮምፒዩተር ሳይንስም ሆነ የሌላ ዘርፍ ተማሪ ወደ ትምህርት ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ከኮምፕሌክስ ቁጥር ጋር ይተዋወቃል።

ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ግን ከዚህ የተለየና የጠለቀ ትምህርት ነው። ለሒሳብ ተማሪዎች የሚሰጠው የካልኩለስ ኮርሶች ከተጠናቀቁ በኋላ፣ ወደ ፕሮግራሙ የኋለኛ ዓመታት ነው። በኮርሱ ውስጥ የሚካተቱት ዐበይት ርዕሶች የአናሊቲክ ፈንክሽን ትርጉም፣ የኮሺ–ሪማን እኩልታዎች፣ የኮሺ ቴዎረምና የኢንቲግራል ቀመሩ፣ የቴይለርና የሎራን ተከታታዮች፣ የሬዚዲው ስሌት እንዲሁም ኮንፎርማል ማፒንግ ናቸው። የፊዚክስና የምሕንድስና ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ እነዚህን ርዕሶች በተግባራዊ ሒሳብ ኮርሶቻቸው ውስጥ ያገኟቸዋል።

3. የትምህርቱ አራት ዋና ዋና ሐሳቦች

አንደኛው ሐሳብ አናሊቲክነት ነው። በተለመደው ካልኩለስ አንድ ነጥብ የሚቀረበው ከግራ ወይም ከቀኝ ብቻ ነው። በኮምፕሌክስ ጠለል ላይ ግን ወደ አንድ ነጥብ ከማንኛውም አቅጣጫ መቅረብ ይቻላል። ዴሪቬቲቭ አለ የሚባለው በሁሉም አቅጣጫ የሚገኘው ውጤት አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ጥብቅ መስፈርት ለመመርመር የሚያገለግሉት የኮሺ–ሪማን እኩልታዎች ናቸው። ለምሳሌ «ዜድ ስኩዌር»ን እንውሰድ። ሪል ክፍሉ «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ ዋይ ስኩዌር»፣ ኢማጅነሪ ክፍሉ ደግሞ «2 ኤክስ ዋይ» ነው። የመጀመሪያው በኤክስ አንጻር ያለው ለውጥ 2 ኤክስ ሲሆን፣ የሁለተኛው በዋይ አንጻር ያለው ለውጥም 2 ኤክስ ነው። የመጀመሪያው በዋይ አንጻር −2 ዋይ፣ ሁለተኛው በኤክስ አንጻር 2 ዋይ ይሰጣሉ፤ በምልክት ብቻ ተቃራኒ ናቸው። በመሆኑም መስፈርቱ ተሟልቷል። በአንጻሩ የኢማጅነሪውን ክፍል ምልክት ብቻ የሚገለብጠው «ኮንጁጌት» የተባለው ፈንክሽን ለዓይን እጅግ ቀላል ቢሆንም መስፈርቱን አያሟላም፤ አንዱ ለውጥ 1፣ ሌላው −1 ስለሚሆን በየትኛውም ነጥብ ላይ ዴሪቬቲቭ የለውም።

ሁለተኛው የኮሺ ቴዎረም ነው። ፈረንሳዊው ኦግስቲን ሉዊ ኮሺ እ.ኤ.አ. በ1825 ባቀረበው ጥናት የጀመረው ይህ ሐሳብ፣ አንድ ፈንክሽን በተዘጋ መስመር ላይና በውስጡ ባለው ክልል በሙሉ አናሊቲክ ከሆነ በመስመሩ ዙሪያ የሚወሰደው ኢንቲግራል ዜሮ መሆኑን ያስረዳል። ዜድ ስኩዌርን በመነሻው ነጥብ ዙሪያ በክብ ብንዞርበት ውጤቱ ዜሮ ነው። «1 ለዜድ» ግን በመነሻው ነጥብ ላይ ትርጉም ስለሌለው በዚያው ክብ ላይ 2 ፓይ አይ ይሰጣል። የክቡ ስፋት ምንም ያህል ቢሆን መልሱ አይለወጥም፤ ወሳኙ ነገር በክቡ ውስጥ እንከን ያለበት ነጥብ መኖሩ ወይም አለመኖሩ ነው።

ሦስተኛው የተከታታዮች ሐሳብ ነው። «1 ለ1 ሲደመር ኤክስ ስኩዌር» የሚለው ፈንክሽን በሪል ቁጥር መስመር ላይ የትም ቦታ ችግር የለበትም። ይሁን እንጂ «1 ሲቀነስ ኤክስ ስኩዌር ሲደመር ኤክስ አራተኛ ርቢ…» እያለ የሚቀጥለው ተከታታዩ የሚሠራው ኤክስ ከ−1 እስከ 1 ባለው ክልል ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ምክንያቱ በካልኩለስ ክፍል አይታይም። ወደ ኮምፕሌክስ ጠለል ስንወጣ ግን ፈንክሽኑ በ«አይ» እና በ«ሲቀነስ አይ» ላይ እንከን እንዳለበት እናያለን፤ ሁለቱም ከመነሻው 1 ርምጃ ይርቃሉ። ተከታታዩ የሚቆመው ለእነዚህ ነጥቦች ሲደርስ ነው።

አራተኛው የሬዚዲው ስሌት ነው። ይህ ዘዴ በተለመደው መንገድ ረጅም ሥራ የሚጠይቁ ኢንቲግራሎችን በጥቂት መስመር ይፈታል። ከላይ የጠቀስነው ፈንክሽን ከአሉታዊ ኢንፊኒቲ እስከ አዎንታዊ ኢንፊኒቲ ያለው ኢንቲግራል ፓይ ነው። በሬዚዲው ዘዴ የሚፈለገው በላይኛው የጠለሉ ግማሽ ያለውን ብቸኛ እንከን፣ ማለትም «አይ»ን መለየት፣ በዚያ ነጥብ ላይ ያለውን ሬዚዲው «1 ለ2 አይ» ማግኘትና በ2 ፓይ አይ ማባዛት ነው። ውጤቱ ፓይ ይሆናል።

4. ከክፍል ውጭ ያለው ጥቅም

ወደ ገፈርሳ እንመለስ። ከዚህ በታች የሚቀርበው ማብራሪያ ስለ ማንኛውም ግድብ የሚሠራ አጠቃላይ መርሕ እንጂ ስለ ገፈርሳ ግድብ የቴክኒክ ሁኔታ የሚሰጥ መግለጫ አይደለም።

ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኦንሪ ዳርሲ እ.ኤ.አ. በ1856 ውሃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበት ፍጥነት ውሃውን ከሚገፋው የጫና ልዩነት ጋር ተመጣጣኝ መሆኑን በሙከራ አሳየ። ከዚህ ሕግ ተነሥቶ፣ አፈሩ ተመሳሳይ ጠባይ ባለውና ፍሰቱ በጊዜ በማይለዋወጥበት ሁኔታ፣ የውሃው ጫና የላፕላስ እኩልታ የሚባለውን እንደሚያሟላ ይረጋገጣል። የአናሊቲክ ፈንክሽን ሪልና ኢማጅነሪ ክፍሎች ደግሞ ሁልጊዜ ይህንኑ እኩልታ ያሟላሉ። በመሆኑም አንድ ተስማሚ አናሊቲክ ፈንክሽን ከተገኘ፣ አንዱ ክፍሉ ጫናው እኩል የሆነባቸውን መስመሮች፣ ሌላው ክፍሉ ውሃው የሚጓዝባቸውን መስመሮች ይሰጣል። የኮሺ–ሪማን እኩልታዎች እነዚህ ሁለት ዓይነት መስመሮች በሚገናኙበት ሁሉ በ90 ዲግሪ እንዲቋረጡ ያስገድዷቸዋል።

የግድቡ መሠረት ቅርጽ ውስብስብ ሲሆን ኮንፎርማል ማፒንግ ያግዛል። ይህ ዘዴ አስቸጋሪውን ቅርጽ ማዕዘን ሳይለውጥ ወደ ቀላል ቅርጽ ያሸጋግራል፤ ጥያቄው በቀላሉ ቅርጽ ላይ ይፈታና መልሱ ወደ ዋናው ይመለሳል። ሩሲያዊው ኒኮላይ ፓቭሎቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ሥራ በውሃ ግንባታዎች ሥር የሚያልፈውን ስርገት በዚህ መንገድ አስልቷል። ከስሌቱ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ በቀን የሚያመልጠው የውሃ መጠን፣ መሠረቱን ወደ ላይ የሚገፋው ጫና እንዲሁም ውሃው ብቅ በሚልበት ቦታ ያለው የመግፋት ኃይል ናቸው። ሦስተኛው ከልክ ካለፈ ውሃው አፈሩን ይዞ መውጣት ይጀምራል፤ በመሠረቱ ሥር ቀዳዳ እየሰፋ ሲሄድም ግድቡ ለአደጋ ይጋለጣል። ዛሬ አብዛኛው ስሌት በኮምፒዩተር ይሠራል። ሆኖም ኮምፒዩተሩ ያወጣው ውጤት ትክክል መሆኑን የሚመዝነው ባለሙያ መርሑን ሊያውቅ ይገባል።

ሁለተኛው ምሳሌ በየቤታችን የሚገኘው ኤሌክትሪክ ነው። በሀገራችን ለቤት የሚቀርበው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሆኖ በሰከንድ 50 ጊዜ አቅጣጫውን ጨርሶ የሚመላለስ ነው። ቻርልስ ስታይንሜትስ እ.ኤ.አ. በ1893 እንዲህ ዓይነቱን ኤሌክትሪክ በኮምፕሌክስ ቁጥር ማስላት እንደሚቻል ካሳየ ወዲህ ዘዴው የመሐንዲሶች የዘወትር መሣሪያ ሆኗል። ለምሳሌ አንድ ሞተር 3 ኦም የሽቦ መቋቋምና በጥቅልሉ ምክንያት 4 ኦም ተጨማሪ ተቃውሞ አለው እንበል። ሁለቱን ደምሮ 7 ኦም የሚል ሰው 31 አምፔር ገደማ ያሰላል። ትክክለኛው ግን 3 + 4አይ ነው፤ የዚህም መጠን 5 ኦም በመሆኑ ሞተሩ 44 አምፔር ይስባል። ለ31 አምፔር የተመረጠ ሽቦ 44 አምፔር ሲያልፍበት ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሣ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ትምህርቱ ለመምህርነት የሚሰጠው ዐቅም መዘንጋት የለበትም። በ12ኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡ ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ይታወሳል። ይህን ታሪክ ለመለወጥ ከሚያስፈልጉት ነገሮች አንዱ ትምህርቱን ከሥሩ የሚያውቅ የሒሳብ መምህር ነው። «አሉታዊ ቁጥር ለምን ዳግም ዘር የለውም?» ብሎ የሚጠይቅን የ9ኛ ክፍል ተማሪ «ዝም ብለህ ያዘው» በማለት ከመመለስ ይልቅ፣ «አለው፤ ነገር ግን በዚህ መስመር ላይ አይደለም» ብሎ በሰሌዳ ላይ ማሳየት የሚችለው ኮምፕሌክስ አናሊሲስን በሚገባ የተማረ መምህር ነው። በገፈርሳም ሆነ በሌላ አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ አንድ መምህር መኖሩ የብዙ ተማሪዎችን አመለካከት ይለውጣል።

5. ተማሪዎች የሚቸገሩባቸው ምክንያቶችና የአጠናን ዘዴ

ተማሪዎች በዚህ ኮርስ የሚቸገሩት በአብዛኛው ከትምህርቱ ክብደት ይልቅ ከመነሻ ክፍተት የተነሣ ነው። የከፊል ዴሪቬቲቭ፣ የመስመር ኢንቲግራልና የተከታታይ ዕውቀት የጎደለው ተማሪ አዲሱን ሐሳብ የሚገነባበት መሠረት አይኖረውም። ሁለተኛው ችግር ቀመርን ያለ ቅድመ ሁኔታው መሸምደድ ነው። የኮሺ ቴዎረም «ኢንቲግራሉ ዜሮ ነው» የሚል ብቻ አይደለም፤ «ፈንክሽኑ በክልሉ ውስጥ በሙሉ አናሊቲክ ከሆነ» የሚለው ከሌለ ቴዎረሙ የለም። ሦስተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው፤ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊገልጸው የሚችለውን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ማስረጃ ውስጥ ሲያጣው ይታያል።

ስለሆነም የሚከተሉትን ተግባራት ማከናወን ይመከራል።

ሀ) ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት ባሉት ሳምንታት የመጀመሪያ ዓመት ሞጁሉን የኮምፕሌክስ ቁጥር ምዕራፍ እና የካልኩለስ ደብተርን መከለስ።

ለ) እያንዳንዱን ጥያቄ ከማስላት በፊት በወረቀት ላይ መሣል። ክልሉ የት ነው? መስመሩ በየት በኩል ይዞራል? እንከን ያለባቸው ነጥቦች በውስጥ ናቸው ወይስ በውጭ? ሥዕሉ ትክክል ከሆነ ከስሌቱ የሚበዛው ክፍል ቀሏል።

ሐ) ለእያንዳንዱ ቴዎረም አንድ የሚሠራ ምሳሌና አንድ የማይሠራ ምሳሌ መያዝ። ለአናሊቲክነት ዜድ ስኩዌርና ኮንጁጌት፣ ለኮሺ ቴዎረም ዜድ ስኩዌርና «1 ለዜድ» በቂ መነሻ ናቸው።

መ) ከሦስት እስከ አምስት ሆኖ በቡድን ማጥናትና ማስረጃዎችን በየተራ ማስረዳት። ውይይቱ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሌላ ቋንቋ ቢካሄድ ምንም ችግር የለውም፤ የመጨረሻው ጽሑፍ ግን በእንግሊዝኛ ተሟልቶ ሊጻፍ ይገባል።

ሠ) በሳምንት 3 ሰዓት በክፍል ለሚሰጥ ኮርስ ቢያንስ 6 ሰዓት ለግል ጥናት መመደብ። ከቡራዩ፣ ከሰበታ ወይም ከሱሉልታ እየተመላለሱ የሚማሩ ተማሪዎች በትራንስፖርት የሚባክነውን ጊዜ ቴዎረሞችንና ቅድመ ሁኔታዎቻቸውን በትናንሽ ወረቀት ጽፈው ለመከለስ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ረ) ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን ከጥናት በኋላ ራስን ለመመዘኛ እንጂ በጥናት ፋንታ አለመጠቀም።

ተማሪዎች መጽሐፍ ካጡ ዩኒቨርሲቲያቸውን ቤተ መጻሕፍት ከመጠቀም በተጨማሪ በብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት የሚገኙ የሒሳብ መጻሕፍትንና የምርምር ሥራዎችን መፈለግ ይችላሉ።

6. ተማሪው ሊያውቃቸው የሚገቡ አገልግሎቶችና ሥርዓቶች

የትምህርት ክፍል ምርጫ። የትምህርት ክፍል ምደባ የሚከናወነው የተማሪውን ፍላጎትና ውጤት መሠረት በማድረግ ነው። ሒሳብን በመጨረሻ ምርጫው ያገኘ ተማሪ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊና ከአካዳሚክ አማካሪው ጋር ቢነጋገር መልካም ነው። የሒሳብ ምሩቅ በመምህርነት፣ በባንክና በኢንሹራንስ፣ በስታቲስቲክስና በመረጃ ትንተና መስኮች ሊሰማራ፣ በድኅረ ምረቃም ሊቀጥል ይችላል።

በኮርሱ የወደቀ ተማሪ። ኮርስን ስለ መድገም፣ ስለ ማቋረጥና ስለ ድጋሚ ፈተና የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ ነው። ተማሪው በውጤቱ ላይ ቅሬታ ካለው በተወሰነው የጊዜ ገደብ ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይጠበቅበታል፤ ቅሬታው በቅድሚያ ለኮርሱ መምህር፣ ቀጥሎም ለትምህርት ክፍሉ ይቀርባል። ጊዜ ያለፈበት አቤቱታ ተቀባይነት ላያገኝ ስለሚችል የሴኔት ሕጉን ከሬጅስትራር ጠይቆ አስቀድሞ ማንበብ ይጠቅማል።

የመውጫ ፈተና። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። የማለፊያ ነጥቡ 50 በመቶ ነው። ያላለፈ ተማሪ በቀጣይ ዙር የመፈተን ዕድል አለው። ፈተናው የትኞቹን ኮርሶች እንደሚያካትት በየፕሮግራሙ የተዘጋጀ ዝርዝር ስላለ፣ ተማሪው ይህንኑ ከትምህርት ክፍሉ ወስዶ ጥናቱን በዚያ መሠረት ማቀድ ይኖርበታል። ለመውጫ ፈተና የሚደረግ ዝግጅት በመጨረሻው ወር የሚጀመር ከሆነ እንደ ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ያሉ ኮርሶች ቀድመው ይጎዳሉ፤ አንዱ ሐሳብ በሌላው ላይ ስለሚቆም በአንድ ሳምንት ሊጠቀለሉ አይችሉም።

የትምህርት ማስረጃ። በውጭ ሀገር የተማሩ ዜጎች የዲግሪያቸውን አቻ ግምት የሚያገኙት ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ከአንድ ተቋም ወደ ሌላ ለመዛወር ወይም በውጭ ሀገር ለመቀጠል የሚያስቡ ተማሪዎችም የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫ በጥንቃቄ ማስቀመጥ አለባቸው። በትራንስክሪፕት ላይ የኮርሱ ስምና ውጤት ብቻ ስለሚሰፍር፣ ተቀባዩ ተቋም በኮርሱ ውስጥ ምን እንደተሸፈነ ሲጠይቅ ማስረጃ የሚሆነው ይኸው መግለጫ ነው።

7. በተደጋጋሚ የሚነሡ ጥያቄዎች

ኮምፕሌክስ ቁጥር ኮምፒዩተር ባለበት ዘመን ለምን ይጠናል?
ኮምፒዩተር የታዘዘውን ያሰላል። ትእዛዙ ትክክል መሆኑን፣ ውጤቱም ከተፈጥሮ ሕግ ጋር መስማማቱን የሚወስነው ሰው ነው።

ካልኩለስ ላይ ዝቅተኛ ውጤት ያመጣ ተማሪ ኮምፕሌክስ አናሊሲስን ሊያልፍ ይችላልን?
ይችላል፤ ሆኖም ክፍተቱን ኮርሱ ከመጀመሩ በፊት መሙላት አለበት። በርካታ ተማሪዎች በካልኩለስ ያልገባቸው ነገር፣ ለምሳሌ የተከታታዮች መቆሚያ ምክንያት፣ የሚገባቸው በዚህ ኮርስ ነው።

ወላጅ ምን ሊያግዝ ይችላል?
ትምህርቱን ማስረዳት አይጠበቅበትም። ለጥናት ጸጥ ያለ ሰዓት ማመቻቸት፣ «ሒሳብ ምን ሥራ ያስገኛል?» የሚለውን ጥያቄ በነቀፌታ ሳይሆን በውይይት ማንሣትና ተማሪው ሲወድቅ እንዲነሣ ማበረታታት ትልቅ እገዛ ነው።

ማጠቃለያ

ኮምፕሌክስ አናሊሲስ ካርዳኖ «ጥቅም የለውም» ብሎ ከተወው ሐሳብ ተነሥቶ ግድብን፣ የኤሌክትሪክ መስመርንና የመማሪያ ክፍልን የሚያገለግል ዕውቀት ሆኗል። በዓይን የማይታየውን ውሃ በወረቀት ላይ መከተል የሚችሉ ባለሙያዎች ሀገራችን ያስፈልጓታል፤ እነዚህም ባለሙያዎች የሚወጡት ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ይህን ኮርስ ከሚማሩት ተማሪዎች መካከል ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ኮርሱን ከወዲሁ በዕቅድ እንዲያጠኑ፣ ችግር ሲገጥማቸው መምህራቸውን፣ አማካሪያቸውንና የትምህርት ክፍላቸውን በጊዜ እንዲያነጋግሩ፣ ወላጆችም ከጎናቸው እንዲቆሙ ይመከራል።